ቁሌት ካለ ወጥ አለ፦ ሥራ ለሚበዛበት የጎንደር ቤት የፍሪዘር ምግብ አዘገጃጀት

በወጥ ሥራ ውስጥ ረጅሙን ሰዓት የሚወስደው ሽንኩርቱ ነው፤ መላጡ፣ መክተፉ፣ ከዚያም ድስቱ አጠገብ ቆሞ ውሃውን እስኪጨርስ ማማሰሉ። ምስሩ ወይም ሥጋው ከገባ በኋላ ያለው ሥራ ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። እናት ሆስፒታል ተረኛ በምትገባበት፣ አባት ከአዘዞ ፒያሳ ሲመላለስ በሚውልበት፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ርቧቸው በሚመጡበት ቤት በየማታው ሽንኩርት ከመላጥ መጀመር ከባድ ነው። ብዙ ጊዜም ነገሩ የሚያልቀው ልጆቹ ዳቦ በሻይ ቀምሰው በመተኛታቸው ነው።

ፍሪዘር ለእንዲህ ያለው ቤት ትልቅ እፎይታ ይሰጣል። ጥያቄው ምን እናስገባበት የሚለው ነው። በሌላው አገር የተለመደው ሙሉ ምግብ ሠርቶ ማስቀመጥና በዕለቱ አሙቆ ማቅረብ ነው። ለእኛ የሚሻለው ግን ያለቀለት ወጥ ሳይሆን ቁሌት ማስቀመጥ ነው ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ምክንያቱ ጾሙ ነው። በቅቤና በሥጋ የተሠራ ወጥ ፍሪዘር ሙሉ ቢኖር ረቡዕና ዓርብ አይነካም፤ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ ቦታ ይዞ ይቀመጣል። በዘይት ብቻ የተቁላላ ቁሌት ግን ለጾሙም ለፍስኩም ይሆናል። ቅቤው፣ ሥጋው፣ እንቁላሉ በዕለቱ ይገባል።

ከዚህ በታች ያለው ለአምስት ሰው ቤተሰብ የሚሆን የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ከዚያ ሥራ ለአሥራ ሁለት ቀን የሚበቃ የወጥ መሠረት ይወጣል።

መጀመሪያ ፍሪዘራችሁን እዩት

ሁሉም ፍሪዘር አንድ ዓይነት አይደለም። ከበሩ ወይም ከውስጥ ክዳኑ ላይ የኮከብ ምልክት ፈልጉ። አንድ ኮከብ ያለው ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ነው የሚወርደው፤ እዚያ የገባ ምግብ አንድ ሳምንት ገደማ ነው የሚቆየው። ሁለት ኮከብ ከዜሮ በታች 12 ይደርሳል፣ ለአንድ ወር ገደማ ይሆናል። ሦስት ኮከብ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው፤ ምግብ ለወራት ማቆየት የሚቻለው ከዚህ ጀምሮ ነው። አራተኛ ኮከብ ከተጨመረበት ገና በረዶ ያልሆነ ምግብም በብዛት ተቀብሎ ቶሎ በረዶ የማድረግ አቅም አለው። በአንድ በር የሚከፈት ትንሽ ፍሪጅ ውስጥ ያለችው የላይኛዋ ሳጥን ብዙውን ጊዜ ከዝቅተኞቹ ናት። እሷ ብቻ ካለቻችሁ መመሪያውን በግማሽ መጠን ሥሩት፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚያልቅ ብቻ አስገቡ።

አንድ ነገር አብሮ ይታወቅ። ፍሪዘር አብዛኞቹን ተህዋስያን አይገድልም፤ እንዳይራቡ ያስቆማቸዋል እንጂ። ሲገባ የተበላሸ ነገር ሲወጣም የተበላሸ ነው። ስለዚህ ንጽህናውና ፍጥነቱ ከመግባቱ በፊት ነው የሚያስፈልገው።

ግድግዳው ላይ የተጋገረ በረዶ ካለ ሥራ ከመጀመራችሁ ጥቂት ቀን ቀደም ብላችሁ አጥፉትና አራግፉት። ወፍራም በረዶ ቦታም ይይዛል፣ ቅዝቃዜውንም ይከለክላል። በቢላ አትፈንቅሉት፤ ቱቦው ከተበሳ ማሽኑ ያበቃለታል።

ገበያው

ቅዳሜ ጠዋት ቅዳሜ ገበያ ውረዱ፤ ለጅምላ ግዢ የሚመቸው እሱ ነው። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

ቀይ ሽንኩርት 6 ኪሎ
ነጭ ሽንኩርት ግማሽ ኪሎ
ዝንጅብል 200 ግራም
ዘይት 1 ሊትር
በርበሬ 400 ግራም (ከቤታችሁ የተዘጋጀው)
ሀበሻ ጎመን 4 ወይም 5 እስር
ሽምብራ ወይም ድፍን ምስር 1 ኪሎ (ዓርብ ማታ ስለሚዘፈዘፍ ቀድሞ ይገዛ)
አተር ክክ 1 ኪሎ (ይህም ቀድሞ ይገዛ)

ሽንኩርቱ ደረቅ፣ አንገቱ የጠበበና ሲጨብጡት የማይለሰልስ ይሁን። የፎገራው ሽንኩርት በደረሰበት ሰሞን ዋጋውም ረከስ ስለሚል በብዛት ለማቁላላት ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ሽንኩርት በተወደደበት ጊዜ ፍሪዘር ውስጥ ያለው ቁሌት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ በዚያን ጊዜ ይገባችኋል።

ሥጋና ዶሮ የምትገዙ ከሆነ የገበያው መጨረሻ ላይ ግዙና ቀጥታ ወደ ቤት ይዛችሁ ሂዱ። ሥጋ ይዞ ሌላ ጉዳይ ማዞር አይገባም።

ለማስቀመጫ ወፍራም ዚፕ ያለው ላስቲክ ወይም ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ዕቃ ያስፈልጋል። የሱቅ ስስ ፌስታል፣ በተለይ ጥቁሩ፣ ለምግብ አይሆንም፤ ይቀደዳል፣ ሽታም ይሰጣል። ብርጭቆና ጠርሙስም ተዉት፤ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ይሰነጥቀዋል።

ቁሌቱ፣ ደረጃ በደረጃ

ዓርብ ማታ ሽምብራውንና ክኩን ለየብቻ በብዙ ውሃ ዘፍዝፉ። ቅዳሜ ከገበያ መልስ ሽንኩርት መላጥ ለአንድ ሰው የሚተው ሥራ አይደለም። ስድስት ኪሎ ሽንኩርት ለብቻ የሚልጥ ሰው ሁለተኛ ጊዜ አይሞክረውም፤ ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ አንዱ እየላጠ አንዱ እየከተፈ ቢሠራ ግን በወሬ ያልቃል።

አክታተፉ ደቃቅ ይሁን፤ በቢላ ወይም በመክተፊያ ማሽን። ጁስ በሚፈጨው ማሽን ግን አትፍጩት። ሽንኩርቱ ውሃ ይሆናል፣ እስኪመጥ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ ወጡም እጅ ላይ የሚይዝ አካል ያጣል። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ግን ብትፈጩት ምንም አይደለም።

ስድስቱን ኪሎ በአንድ ድስት አትጠቅጥቁት። ከታች እያረረ ከላይ ጥሬ ይሆናል። ሁለት ሰፋፊ ድስት ላይ ከፍሉት። በከሰል የምትሠሩ ከሆነ መስኮትና በር ክፍት ይሁን፤ የከሰል ጭስ ባይታይም በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። በኤሌክትሪክ የምትሠሩም ከሰሉን በቅርብ አዘጋጁ፤ መብራት በመሃል ቢሄድ ግማሽ የተቁላላ ሽንኩርት ይዞ መጠበቅ አይቻልም።

ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት አቁላሉት። የራሱ ውሃ ይወጣል፤ ያ ውሃ እስኪመጥ፣ ሽንኩርቱም ወደ ቡናማነት እስኪያደላ ከሥር እየገለበጣችሁ አማስሉ። አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ እሳቱ ደካማ ከሆነ ከዚያም በላይ። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ውሃው ሳይመጥ ዘይት የገባበት ሽንኩርት የቀቀሉት እንጂ ያቁላሉት አይሆንም፣ ፍሪዘር ውስጥ ሲቆይም በረዶው ይበዛበታል፤ ሲሟሟ ውሃ ያቀራል።

ውሃው ሲያልቅ ዘይቱን ለሁለቱም ድስት አካፍላችሁ ጨምሩ። ሩብ ሰዓት ካቁላላችሁ በኋላ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ጨምራችሁ ሌላ አሥር ደቂቃ ቀጥሉ። እዚህ ላይ ቆም በሉና ከጠቅላላው ሢሶውን በሌላ ዕቃ ቀንሱ። የተቀነሰው የአልጫ ቁሌት ነው፤ ለክክ አልጫ፣ ለአልጫ ምንቸት፣ ለጎመን፣ ለአትክልት ሁሉ ይሆናል። እርዱ የሚገባው በዕለቱ ነው።

የቀረውን ወደ አንድ ድስት ሰብስባችሁ በርበሬውን ነስንሱበት፤ ወዲያውም የፈላ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አማስሉ። በርበሬ በደረቁ ካረረ መራራ ይሆናል፣ መራራውም በምንም አይድንም። ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ ደቂቃ፣ ጥሬ የበርበሬ ሽታው ጠፍቶ ዘይቱ ከላይ መንሳፈፍ እስኪጀምር አብስሉት። ዘይቱ ወጣ ማለት ቁሌቱ ደረሰ ማለት ነው።

ጨው አሁን አትጨምሩ፤ ወይም እጅግ ጥቂት ብቻ። ቁሌቱ በኋላ ከምን ጋር እንደሚገናኝ ገና አልታወቀም፤ በዕለቱ ቀምሶ መጨመር ይሻላል። ኮረሪማውን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ መከለሻውን ሁሉ ለዕለቱ አቆዩት። የመከለሻ መዓዛ በፍሪዘር ቆይታ ይደክማል፤ ከእሳት ሊወርድ ሲል የገባ ግን ወጡን ዛሬ እንደተሠራ ያደርገዋል።

ማቀዝቀዙ፦ በጣም የምለምናችሁ እዚህ ላይ ነው

ጎንደር ደጋማ ስለሆነች ወጥ ድስት ውስጥ ማሳደር የለመድነው ነገር ነው። እናቶቻችን ጠዋት ማታ አፍልተው ያቆዩታል፣ ለዕለት ምግብ ያ ሠርቷል። ወደ ፍሪዘር ለሚገባ ምግብ ግን ይህ አይበቃም። ተህዋስያን በፍጥነት የሚራቡት በ5 እና በ60 ዲግሪ መካከል ነው። ትልቅ ድስት ሙሉ ቁሌት በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ ከተባለ መሃሉ ለብዙ ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል። ትኩሱን ድስት ቀጥታ ፍሪዘር ውስጥ መክተትም መፍትሔ አይደለም፤ ጎረቤቱ ያለውን በረዶ ያሟሟል፣ ማሽኑንም ያደክማል።

እንዲህ አድርጉ። ቁሌቱን ከድስቱ አውጥታችሁ በሰፋፊ ትሪ ወይም ጎድጓዳ ሳህን ላይ ከሁለት ጣት ባልበለጠ ውፍረት አሰራጩት። ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልታችሁ ትሪውን ውሃው ላይ አስቀምጡ፤ በየመሃሉ አማስሉ፣ ውሃው ሲሞቅ ቀይሩ። በረዶ ካላችሁ ውሃው ውስጥ ጨምሩ። ከእሳት ከወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀዝቅዞ፣ ታሽጎ፣ ፍሪዘር ወይም ፍሪጅ ውስጥ መግባት አለበት። ሲቀዝቅዝ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን እንጂ በክዳን አይታፈን።

ነጭ ሽንኩርት በዘይት ውስጥ ሆኖ አየር በሌለበት ለብ ባለ ቦታ ሲቀመጥ አደገኛ መርዝ የሚያመነጭ ተህዋስ ሊያድግበት እንደሚችልም እወቁ። ስለዚህ ቁሌት በዘይት ተሸፍኗልና አይበላሽም ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ማቆየት አይገባም። ፍሪጅ ከሆነ እስከ ሦስት ቀን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሪዘር።

ማካፈልና ማሸግ

ቀዩን ቁሌት ስምንት ቦታ፣ የአልጫውን አራት ቦታ እኩል አካፍሉ። እያንዳንዱ ክፍል ከግማሽ ኪሎ ሽንኩርት የወጣ ነው፤ ለግማሽ ኪሎ ምስር ወይም ሥጋ፣ ማለትም ለአንድ ቤተሰብ የአንድ ቀን ወጥ ይበቃል። ለዶሮ ወጥ አራቱን በአንድ ጊዜ ታወጣላችሁ።

ላስቲኩ ውስጥ ከከተታችሁ በኋላ በመዳፋችሁ ጠፍጣፋ አድርጉት፤ አየሩን ሁሉ አስወጡ፤ ዝጉ። አየር ሲቀር ምግቡ ይደርቃል፣ ጠርዙም ይነጣል፤ አያሳምምም፣ ጣዕሙን ግን ያጠፋዋል። ትሪ ላይ አስተኝታችሁ በረዶ እስኪሆን ጠብቁ፤ ከዚያ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ ደርድሩት። ጠፍጣፋው ቶሎ በረዶ ይሆናል፣ ቶሎም ይሟሟል፣ ቦታም ይቆጥባል። ፕላስቲክ ዕቃ ከተጠቀማችሁ ከላይ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ተዉ። አሥራ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አትጠቅጥቁ፤ ፍሪዘራችሁ ትንሽ ከሆነ ግማሹን ፍሪጅ አሳድራችሁ በማግስቱ አስገቡ።

መጻፍ ግድ ነው። በረዶ የሆነ ቀይ ቁሌትና በረዶ የሆነ ቀይ ወጥ ለዓይን አንድ ናቸው። ፕላስተር ለጥፋችሁ ምን እንደሆነ፣ የተሠራበትን ቀን፣ ጾም ወይም ፍስክ መሆኑን ጻፉ። ፕላስተሩ የሚለጠፈው ዕቃው ደረቅና ገና ሳይቀዘቅዝ ነው፤ በኋላ አይዝም። የፍስኩን መደርደሪያ ከጾሙ ለዩት፣ ፍስኩ ከታች ይሁን። ልጆችም ሆኑ የቤት ሠራተኛዋ ሳይሳሳቱ እንዲያወጡት ይህ ልዩነት ግልጽ መሆን አለበት፤ በጾም ቀን ቅቤ የነካ ነገር ማቅረብ በቤቱ ላሉ ጿሚዎች ቀላል ነገር አይደለም።

ጥራጥሬውና ጎመኑ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 100 አይደርስም። ሽምብራና ባቄላ እዚህ ለመብሰል ቆላ ከሚፈጅባቸው ጊዜ በላይ የሚፈጅባቸው ለዚህ ነው። በየዕለቱ ትንሽ ትንሽ መቀቀል ከሰልም መብራትም ማባከን ነው። በአንድ ጊዜ በብዛት ቀቅሎ ማስቀመጥ ትልቁ ቁጠባ እዚህ ላይ ነው።

ሽምብራውንና ድፍን ምስሩን የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ ቀቅሉ፤ በእንፋሎት የሚያበስለው ባለ መቆለፊያ ድስት ካለ ሰዓቱን በብዙ ይቀንሳል። ቦሎቄ ከሆነ ውሃው መደፋቱ ግዴታ ነው፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓትም ደህና አድርጎ መንተክተክ አለበት፤ ጥሬው ወይም ለብ ብሎ ብቻ የበሰለው ሆድ ያውካል። ሊበስሉ ጥቂት ሲቀራቸው አውርዱ፤ ቀሪውን ወጥ ውስጥ ይጨርሱታል። ሽምብራውን አጥልላችሁ፣ ትሪ ላይ በትናችሁ በረዶ ካደረጋችሁት በኋላ ላስቲክ ውስጥ ክተቱት፤ አይጣበቅም፣ የምትፈልጉትን ያህል ዘግናችሁ ታወጣላችሁ። አተር ክኩን ከመቀቀያው ውሃ ጥቂት አስቀርታችሁ አብራችሁ አሽጉት። ቀዩ ምስር ክክ ግን ቶሎ ስለሚበስል ፍሪዘር ውስጥ ቦታ አትስጡት።

ጎመን በጥሬው ፍሪዘር ከገባ በሳምንታት ውስጥ ቀለሙም ጣዕሙም ይለወጣል፤ በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች በቅዝቃዜ አይቆሙምና። ስለዚህ አጥባችሁ፣ ከትፋችሁ፣ በሚንተከተክ ብዙ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጉት። የተለመደው ልክ ሦስት ደቂቃ ነው፤ በእኛ ከፍታ አንድ ደቂቃ ጨምሩና አራት ይሁን። ወዲያው ወደ በረዶ ውሃ ገልብጡ፣ ሲቀዘቅዝ በእጃችሁ ጨምቃችሁ ለአንድ ቀን በሚሆን መጠን ጠቅልሉ። ፎሶሊያም አራት ደቂቃ፣ የተከተፈ ካሮት ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ሥጋ፣ ዶሮ፣ እንጀራ

ሥጋውን በተገዛበት ዕለት፣ ለቀይ ወጥ በሚሆን አቆራረጥ ከትፋችሁ በግማሽ በግማሽ ኪሎ አሽጉ። ጥሬ ሥጋ ምንጊዜም ከታችኛው መደርደሪያ ይቀመጥ፤ ቢንጠባጠብ ሌላውን እንዳይበክል። ዶሮዋን በልማዳችን በአሥራ ሁለት ብልት ገንጥላችሁ፣ በሎሚና በጨው አጥባችሁ፣ አጥልላችሁ በአንድ ላስቲክ አድርጉ። ዶሮ የታጠበበትን ሳፋና የቆሻሻ ውሃ መድፊያውን ከዚያ በኋላ በሳሙና እጠቡ፤ ከጥሬ ዶሮ የሚረጨው ውሃ ተህዋስያን ይዞ ይሄዳል።

ዶሮ ወጡን ጨርሳችሁ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ይቻላል፣ እንቁላሉን ግን አታስገቡ። የተቀቀለ እንቁላል ነጩ ፍሪዘር ውስጥ ላስቲክ ይሆናል። በዕለቱ ቀቅሎ መጨመር የአሥራ አምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

እንጀራ ፍሪዘር በደንብ ይቀበላል፣ ብዙ ሰው ግን ይፈራዋል። ምስጢሩ ትኩስነቱ ነው፤ በተጋገረበት ቀን፣ ሙሉ ለሙሉ ሲበርድ ይግባ እንጂ ሦስት ቀን መሶብ ውስጥ ከቆየ በኋላ አይደለም። በየእንጀራው መካከል ስስ ላስቲክ አድርጋችሁ፣ ለአንድ ማዕድ የሚሆነውን በአንድ ጥቅል አሽጉ። ሲወጣ ላስቲኩን ሳትከፍቱ ከፍሪዘር ውጭ ለጥቂት ሰዓት ተዉት፤ እርጥበቱ ተመልሶ ወደ እንጀራው ይገባል። በረዶ እንደሆነ ለመዘርጋት አትሞክሩ፣ ይሰበራል። አንዴ ከወጣ በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይበላ። ቋንጣና ድርቆሽ በቤት ካሉ ግን ፍሪዘሩን አትንኩት፤ እነሱ ከፍሪዘር በፊት የተገኙ የረጅም ጊዜ ስንቆች ናቸው፣ ደረቅ ቦታ ይበቃቸዋል።

የማይገቡም አሉ። ድንች ያለበት አልጫ ሲሟሟ ድንቹ ውሃ ይተፋል፤ ድንቹን በዕለቱ ጨምሩ። ሰላጣ፣ የተከተፈ ቲማቲም፣ እርጎ አይሆኑም። ሽሮም ተሠርቶ መቀመጥ የለበትም፤ ዱቄቱ በደረቅ ቆርቆሮ እያለ፣ ቁሌቱ ፍሪዘር ውስጥ እያለ፣ ሽሮ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

በዕለቱ ማብሰል

ቁሌቱ እንዲሟሟ መጠበቅ አያስፈልግም። ላስቲኩን በውሃ ለቀቅ አድርጋችሁ፣ ቁሌቱን ቀጥታ ድስት ውስጥ ከግማሽ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ጋር ጨምሩና ቀስ ባለ እሳት ክደኑት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይፈታል። ከዚያ ጾም ከሆነ ምስር ወይም ሽሮ፤ ፍስክ ከሆነ ሥጋና ንጥር ቅቤ።

ጥሬ ሥጋና ዶሮ ግን ከዋዜማው ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ነው በረዶው የሚለቀው። ጠዋት ከፍሪዘር አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሥራ መሄድ ልማድ ሆኗል፤ እባካችሁ ተዉት። መሃሉ ገና በረዶ ሳለ ላዩ ለሰዓታት ለብ ብሎ ይውላል። አንድ ሙሉ ዶሮ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል፣ ስለዚህ ማክሰኞ ለሚበላው ሰኞ ጠዋት አውርዱት።

ቀድሞ በስሎ የነበረ ነገር ሁሉ ሲሞቅ መሃሉ ቢያንስ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። የሙቀት መለኪያ ባይኖርም ሁሉ ነገር እስኪንተከተክ ካማሰላችሁት በእኛ ከፍታም ቢሆን ከበቂ በላይ ነው። የተረፈውን መልሳችሁ ፍሪዘር አታስገቡ። በሚበላው ልክ አሽጉ ያልኩትም ለዚህ ነው።

የጊዜ ገደቡ፣ ባለ ሦስትና አራት ኮከብ ፍሪዘር ላይ፦ ቁሌት እስከ ሦስት ወር፣ የበሰለ ወጥና ጥራጥሬ ከሁለት እስከ ሦስት ወር፣ የተፈጨ ጥሬ ሥጋ ሦስት ወር፣ የተቆራረጠ ሥጋና ዶሮ ከዚያም በላይ፣ ነከር የተደረገ ጎመን ስምንት ወር፣ እንጀራ አንድ ወር። ከዚህ ቢያልፍ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ እስከቆየ ድረስ አደጋ አይደለም፤ ጣዕሙ ነው የሚሄደው።

መብራት ሲሄድ

ብዙ ሰው ፍሪዘር መሙላት የሚፈራው ለዚህ ነው፤ ነገር ግን የሞላ ፍሪዘር ከባዶው ይልቅ መብራት መጥፋትን ይቋቋማል። ሳይከፈት ከቆየ የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነው እስከ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ፍሪጁ ግን አራት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ባዶ ቦታ ካለ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙሶችን ሦስት አራተኛቸውን ሞልታችሁ በመሃል ሰግስጉ። መብራት ሲሄድ አትክፈቱ፤ ልጆችንም አስጠንቅቁ። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ፤ መብራት ሲመጣ ያለው መንቀጥቀጥ ሞተሩን ያቃጥላል።

ቤት ሳትኖሩ ጠፍቶ እንደነበር ለማወቅ በትንሽ ኩባያ ውሃ በረዶ አድርጉና ላዩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ። ከጉዞ ስትመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ደህና ነው። ወደ ታች ከሰመጠ በረዶው ሙሉ ለሙሉ ቀልጦ እንደገና በረዶ ሆኗል ማለት ነው፤ በውስጡ ያለውን ሥጋና ወጥ አትብሉት። መብራቱ እንደመጣ ስታዩት ምግቡ ላይ ገና በረዶ ካለ ግን መልሶ በረዶ መሆኑ አይጎዳውም።

ከጾምና ከበዓል ጋር ማስማማት

የዚህ ዘዴ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በጥር ነው። ጥር 10 ከተራ ነው፤ እንግዳው ከየአቅጣጫው ይገባል፤ ቀኑ ገሃድ ስለሆነ ማዕዱ የጾም ነው። በማግስቱ ታቦታቱ ከፋሲለደስ መዋኛ ሲመለሱ ያው እንግዳ ዶሮ ወጥ ይጠብቃል። ሁለት ቀን፣ ሁለት ዓይነት ማዕድ፣ አንድ ቁሌት። የጾመ ነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ስለሚቆይ ቅቤና ሥጋ ያለበት ወጥ በዚያ ወቅት እየቀመሱ ማዘጋጀት አይቻልም፤ በዘይት የሚቁላላው ቁሌት ግን ጾሙን አይነካም። በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ብትሠሩት ገናንም ጥምቀትንም ይሸፍናል።

ለፋሲካም እንዲሁ። ሕማማት ከመግባቱ በፊት ቁሌቱ ካለቀ ያ ሳምንት ለስግደትና ለጸሎት ይተርፋል፤ ቀዳም ሥዑር ላይ ዶሮዋን ማሰናዳትና መጨመር ብቻ ይቀራል።

በረመዳን ለሚጾሙ ቤተሰቦችም ቁሌቱም ሽምብራውም ለማፍጠሪያ ሾርባ ይሆናል። ሳምቡሳ ደግሞ ፍሪዘር የሚወድ ነገር ነው፤ ተጠቅልሎ፣ ሳይጠበስ፣ ትሪ ላይ ተለያይቶ በረዶ ይሁንና ላስቲክ ይግባ። ሲጠበስ ሳይሟሟ ቀጥታ ዘይት ውስጥ ይገባል፣ እሳቱን ቀነስ አድርጋችሁ ትንሽ ጊዜ ጨምሩለት።

የፍስኩ መደርደሪያ በቅበላ ሰሞን ተበልቶ ማለቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ቦታ ሁሉ ለጎመን፣ ለሽምብራና ለቁሌት ልቀቁት። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም አይጾሙም። በዚያን ጊዜ ብቻ በቅቤ የተከሸነ፣ ያለቀለት ቀይ ወጥና ምንቸት አብሽ እንደልባችሁ አሽጉ፤ የሐዋርያት ጾም ከመግባቱ በፊት የሚያልቀውን ያህል።